ልጆቹ የቀሩበት ኤፕሪል

ልጅ ራሱ ታክሲ ጠርቶ ድንገተኛ ክፍል አይመጣም። ግንባሩን በእጇ ጀርባ ዳስሳ «ይደር እስቲ» ወይም «ተነሡ፣ እንሂድ» የምትል እናት አለች፤ ወይም አባት፣ ወይም አያት። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ባለ የሕጻናት ድንገተኛ ክፍል ትሪያጅ ላይ ዕድሜዬን የፈጀሁ ነርስ ነኝ። ከበሩ ቀጥሎ ያለችው ጠረጴዛ የኛ ናት፤ የመጣውን ልጅ ዐይተን፣ አተነፋፈሱን ቆጥረን፣ ማን ቀድሞ ይግባ ማን ይጠብቅ የምንለው እዚያ ነው። ከዚያች ወንበር ላይ ሆኜ እንዳየሁት፣ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ስለ ልጆች ሕመም የሚናገረውን ያህል ስለ ወላጆች ልብም ይናገራል። ወረርሽኝ ሲገባ ደግሞ ቀድሞ የሚናወጠው የወላጅ ልብ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እዚህ የኖርኩት በሱ ነውና።

የምሠራበት ዓይነት ቤት ራሱ ያን ያህል አሮጌ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሕጻናት ሆስፒታል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነበር፤ የፊላደልፊያው በ1855፣ የዋሽንግተኑ በ1870 ተቋቁመዋል። ድንገት የታመመን ልጅ ለይቶ የሚቀበል፣ በልጅ ልክ የተሠራ ቱቦና መርፌ ያለው፣ ለዚሁ ሥራ የተማረ ሐኪም የሚቆምበት ክፍል ግን የእኔ ትውልድ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ልጅ ከሰከረውም ከተወጋውም ጋር አንድ ኮሪደር ላይ ተሰልፎ፣ ለትልቅ ሰው በተሠራ ዕቃ ይታከም ነበር። ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ1984 ኮንግረስ ለልጆች የድንገተኛ ሕክምና ገንዘብ ሲመድብ ነው። ከጀርባው የሃዋዩ ሴናተር ዳንኤል ኢኖዬ ነበሩ። የቢሯቸው ኃላፊ ሴት ልጅ ማጅራት ገትር ይዟት ሆስፒታል በገባች ጊዜ፣ ድንገተኛ ክፍሉ ለልጅ ምን ያህል እንዳልተዘጋጀ አባትየው በዓይኑ አይቷል። በዘርፉ የመጀመሪያው የስፔሻሊስቶች ፈተና የተሰጠው በ1992 ነው። ፈተናውን ቀድመው ከወሰዱት ሐኪሞች አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ገና ጡረታ አልወጡም።

ወረርሽኝ ግን የሕጻናት ድንገተኛ ክፍል የሚባል ነገር ሳይኖርም ልጆችን ሆስፒታል ደጃፍ ያደርስ ነበር፤ ከደጃፉም ያሸሽ ነበር። ስለዚህ ስናወራ እኔ ሁልጊዜ የማነሣው የ1916ቱን የኒው ዮርክ ፖሊዮ ነው። በዚያ በጋ ብሩክሊን ውስጥ፣ የጣልያን ስደተኞች በብዛት በሚኖሩበት ሠፈር ልጆች እግራቸው ይዝል ጀመር። እስከ መኸር ድረስ በከተማዋ ወደ 9,000 ሰው ታመመ፣ ወደ 2,400 ሞተ፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ልጆች ነበሩ። የጤና ቢሮው ሹም ሄቨን ኤመርሰን ጠንካራ ትእዛዝ አወጡ። የታመመ ልጅ ያለበት ቤት በር ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ከከተማዋ ሲወጣ የጤና ወረቀት ማሳየት አለበት። ቤት ውስጥ ልጁን ለይቶ የሚያስተኙበት ክፍል፣ ለብቻው የሚሆን መጸዳጃና አስታማሚ ከሌለ፣ ልጁ ተወስዶ ማግለያ ሆስፒታል ይገባል።

ትእዛዙን ያወጣው ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሆኖ የኖረ አይመስለኝም። ለብቻ የሚሆን መጸዳጃ ያለው ሀብታም ልጁን ቤቱ አስታመመ፤ ድሃው ልጁን ተነጠቀ። እናቶች ታዲያ ምን አደረጉ? ልጆቻቸውን ደበቁ። አልጋ ሥር፣ ጎረቤት ቤት፣ ዘመድ ዘንድ። የታመመ ልጅ ለጤና ቢሮ የምትጠቁም አንዲት ነርስ «ብትደግሚው እንገድልሻለን» የሚል ደብዳቤ እስከ መቀበል ደርሳለች። ይህን ያነበብኩ ጊዜ የፈራሁት ለነርሷ ነበር፤ የሙያ አጋሬ ናትና። ቆይቶ ግን ደብዳቤውን የጻፉትም ልጅ ያላቸው ሰዎች እንደነበሩ ማሰብ ጀመርኩ። እነሱ የሚያውቁት ሆስፒታል ልጅ ገብቶ የሚወጣበት አልነበረም። የጤና ቢሮው ያየው የተመዘገቡና የተገለሉ ሕሙማንን ቁጥር ነው፤ ከቁጥሩ ጎድለው የቀሩት የተደበቁት ልጆች ናቸው።

ወደ እኛ ዘመን ልምጣ። በ2003 ሳርስ የተባለው የሳንባ በሽታ ቶሮንቶ ሲገባ በካናዳ 44 ሰው ገደለ፤ በሽታው በብዛት የተላለፈው እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ነበር። ልጆች ብዙም አልታመሙም። የከተማዋ የሕጻናት ድንገተኛ ክፍሎች ግን ጭር አሉ። ከቶሮንቶ መጥታ እኛ ጋ የሠራች ባልደረባዬ ስታወራ፣ ነርሶቹ ከሥራ ሲወጡ ዩኒፎርማቸውን የሚቀይሩት ሰው በአውቶቡስ እንዳይሸሻቸው ነበር ትላለች። ያን ጊዜ እኔ ወሬውን ሰምቼ አለፍኩት። ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ የመጣው ተቃራኒው ስለነበር ጨርሶ ረሳሁት።

2009። የአሳማ ጉንፋን የተባለው ኤች1 ኤን1። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተረጋገጠው ኤፕሪል ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ በታመመ የ10 ዓመት ልጅ ነው። ቀጥሎ ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ያለ አንድ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎቹ ታመሙበት። ይህኛው ቫይረስ ሽማግሌዎችን ብዙ አልነካም፤ በልጅነታቸው የእሱን ዘመድ ስላገኙት ሰውነታቸው ያውቀዋል። ልጆቹ ግን አያውቁትም ነበር። በጸደዩ ከኒው ዮርክ ጀምሮ፣ በመኸሩ ደግሞ በመላ አገሪቱ፣ የሕጻናት ድንገተኛ ክፍሎች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞሉ። ቴክሳስ፣ ኦስቲን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ላይ ድንኳን ተተከለ። ክትባቱ ዘግይቶ ኦክቶበር ላይ ደረሰ።

የዚያን መኸር ሌሊቶች ሰውነቴ ያስታውሳቸዋል። ከሚመጡት አብዛኞቹ ልጆች ማስታገሻና ውኃ ተሰጥቷቸው ወደ ቤት የሚመለሱ ነበሩ። ወላጆቹ የመጡት ልጁ ስለከፋበት ብቻ ሳይሆን፣ ቴሌቪዥኑ «ልጅ ሞተ» ስላለም ጭምር ነው። ማን ይወቅሳቸዋል? በእርግጥም ልጅ ይሞት ነበር፤ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ በኋላ እንደገመተው በአንድ ዓመት ውስጥ አሜሪካ ውስጥ ከ1,200 በላይ ልጆች ሞተዋል። በመቶ ጤነኛ ትኩሳት መካከል ያንን አንዱን መለየት ነበር የእኛ ሥራ፤ እጅግ አድካሚ ሥራ ነው።

እንግዲህ በ2020 ማርች 11 የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ሲል፣ እኛ ጋ የተተከለው ድንኳን ከ2009 ትዝታ የተወሰደ ድንኳን ነበር። የመጠበቂያው ወንበሮች ተራራቁ። ልጄን የምታክል አሠልጣኝ ጋውን እንዴት እንደሚወለቅ እየደጋገመች አሳየችን። ማስክ በቁጥር ይሰጠን ጀመር። ሁሉም ዝግጁ ሆኖ ጎርፉን ተጠባበቀ። የተዘጋጀነው ለ2009 ነው፤ የመጣው ግን የ2003ቱ ታናሽ ወንድም ሆኖ ተገኘ።

ኤፕሪል በእኛ ከተማ የአስም ወር ነው። የዛፉ ብናኝ መኪና ላይ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይታያል፤ ልጆች ደረታቸው እያፏጨ ይመጣሉ፣ ጭሱን (ኔቡላይዘሩን እንደዚያ ነው የሚሉት እናቶቻችን) አፍንጫቸው ላይ አድርገው ይተኛሉ። በዚያ ዓመት ኤፕሪል አንድ ሙሉ ሌሊት በጣት የሚቆጠር ልጅ ብቻ የመጣበት ጊዜ ነበር። ነርሶች መሳቢያ አጸዱ፣ የተጸዳውን ደግመው አጸዱ። አለቃችን ሰው ወደ ቤት መመለስ ጀመረ፤ ጀግና እየተባልን በከተማው ሲጨበጨብልን የሥራ ሰዓታችን ይቀነስ ነበር።

እኛ ብቻ እንዳልሆንን ቁጥሩ ሲወጣ አወቅን። ሲዲሲ ከማርች 29 እስከ ኤፕሪል 25 ያሉትን አራት ሳምንታት ከዓመት በፊቱ ጋር ሲያስተያይ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣው ሰው በሳምንት ከ2.1 ሚሊዮን ወደ 1.2 ሚሊዮን ወርዷል፤ በመቶኛ 42 ማለት ነው። ከሁሉ የባሰ የወረደው የልጆች ነው፤ እስከ 10 ዓመት ያሉት በ72 በመቶ፣ ከ11 እስከ 14 ያሉት በ71 በመቶ። ጣልያን ቀድማን ነበር። አምስት ሆስፒታሎች ማርች ላይ የመጣላቸውን ልጅ ቢቆጥሩ ካለፈው ዓመት ከ73 እስከ 88 በመቶ ጎድሏል። እነዚያው ሐኪሞች ዘግይተው የደረሱ 12 ልጆችን ታሪክ መዝግበዋል። ግማሾቹ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። አራቱ ሞቱ። ከቀሩበት ምክንያት ዋናው ኮሮናን መፍራት ነበር።

ልጆቹ የት ሄዱ? የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ አለው፤ የሚያስቸግረውም ሁለቱ መልሶች አንድ ቁጥር ውስጥ ተደባልቀው መገኘታቸው ነው።

አንደኛው ደስ የሚል ነው፤ አልታመሙም። ትምህርት ቤትና መዋዕለ ሕጻናት ሲዘጋ ልጆች እርስ በርስ የሚቀባበሉት ንፍጥ ሁሉ ቆመ። የአስም ልጅን ደረት የሚያስነሣው አብዛኛውን ጊዜ ተራ ጉንፋን ነው፤ ጉንፋኑ ሲጠፋ አስሙም ተኛ። የኳስ ሜዳ ስብራት ቀረ። የሚገርመው ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ ከወረርሽኙ በፊት በተጀመረው የ2019–20 ክረምት አሜሪካ ውስጥ ወደ 200 ልጆች ገድሎ ሳለ፣ በቀጣዩ ክረምት የተመዘገበው የልጅ ሞት አንድ ብቻ ነው። አንድ! ይህን ለወጣት ነርሶች ስነግር አያምኑኝም። ቤት የዋሉ ልጆች ግን ሌላ ሥራ አገኙ። በፊት ቦርሳ ውስጥ የማይገኝ የእጅ ማጽጃ በየጠረጴዛው ተቀመጠ፣ በረኪና በየወጥ ቤቱ ተከፈተ፤ በ2020 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስለ ጽዳት ኬሚካልና ስለ እጅ ማጽጃ ወደ መርዝ መረጃ ማዕከላት የተደወለው ከዓመት በፊቱ በ20 በመቶ በልጧል፤ በብዛት የተነገረውም ስለ አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ስላሉት ነው።

ሁለተኛው መልስ፣ ታመው ቤት ቀሩ የሚለው ነው። ስኳር ይህን ለማየት የተመቸ በሽታ ነው፤ ምክንያቱም የልጅ ስኳር ትምህርት ቤት ተዘጋ ብሎ አይቆምም። ውኃ የሚጠማው፣ ሌሊት የሚሸና፣ የሚከሳ ልጅ በጊዜ ከመጣ በኢንሱሊን ይስተካከላል፤ ከዘገየ ደሙ ውስጥ አሲድ ተጠራቅሞ ራሱን ስቶ ይመጣል። ጀርመን ውስጥ በ2020 የጸደይ ወራት ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ልጆች 45 በመቶ ያህሉ የመጡት እዚያ ደረጃ ደርሰው ነው፤ በ2019 በዚያው ወቅት 25 በመቶ አይሞሉም ነበር። እንግሊዞች የሕጻናት ሐኪሞቻቸውን ሲጠይቁ ድንገተኛ ክፍል ከሚሠሩት ከሦስት አንዱ ያህል ዘግይቶ የመጣ ልጅ ማየቱን ተናግሯል፤ እዚያም ስኳር ከሁሉ ቀደመ። መዘግየቱ አስተዋጽኦ አድርጎበታል የተባለ ዘጠኝ ሞት ተቆጥሯል። እኛ ጋ ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ የሚመጡ ልጆች በዙ። «መቼ ጀመረው?» ስል «ከአራት ቀን በፊት» የሚሉኝ ወላጆች ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠይቅም።

በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ፍርሃት የራሱ ምክንያት ነበረው። ስልኬ በኅብረተሰቡ ዘንድ የታወቀ ነው፤ እድርም ቤተ ክርስቲያንም ስላለሁ «ሲስተር ናት፣ እሷን ጠይቁ» ይባላል። በዚያ ሰሞን የሚደውሉት እናቶች የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠሩ፣ ግሮሰሪ ካሽ ሬጂስተር ላይ የሚቆሙ፣ ባሎቻቸው ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱ ናቸው። ቤት ተቀምጦ መሥራት ለእነሱ የሰው ወሬ ነበር። ከልጅ ልጇ ጋር አንድ መኝታ ክፍል የምታድር አያት አለች፤ ከአገር ለሥርዓተ ጥምቀት መጥታ በረራ ሲቆም እዚሁ የቀረች። ስለዚህ ጥያቄያቸው «ልጄን ላምጣው ወይ?» አልነበረም። «ላምጣው ብል እማማን ማን ይጠብቅልኛል? ይዤባት ብመጣስ?» ነበር። ሌላም ነበረ። ከልጁ ጋር የሚገባው አንድ ወላጅ ብቻ ነው የሚል ሕግ ወጥቷል፤ ይህ በሰው አፍ ሲዞር «ልጁን ለብቻው ይወስዱታል» ወደሚል ተለወጠ። ስደተኛ በሆነ ሰው ጆሮ ይህ ወሬ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ብሩክሊን 1916 መሄድ አያስፈልግም።

አንዷ፣ ሁለት ልጆች ያሏት፣ ማታ ደወለች።

«ሲስተር፣ ትንሹ ሦስት ቀኑ። አይበላም። አጥኜዋለሁ፣ ዳማከሴም ጨምቄ ሰጥቼዋለሁ።»

«ሽንቱስ?»

ዝም አለች። ከዚያ «ዳይፐሩ ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ነው» አለችኝ።

«እህቴ፣ አሁኑኑ ይዘሽው ነይ።»

«አንቺ አለሽ?»

አልነበርኩም፤ ዕረፍት ላይ ነበርኩ። «አለሁ» ብዬ ልብሴን ለበስኩ።

ስለ መታጠን ትንሽ ልበል፤ ከዕለት ሥራዬ ጋር የተያያዘ ነውና። ባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንፋሎቱን መሳብ አብዛኞቻችን ያደግንበት ነው። በ2020 ግን ይህ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ታየ፤ በእንግሊዝ በርሚንግሃም የሕጻናት ሆስፒታል የቃጠሎ ሐኪሞች፣ ለኮሮና ተብሎ በተደረገ እንፋሎት የተቃጠሉ ልጆች ከወትሮው እጅግ መብዛታቸውን ጽፈው አስጠንቅቀዋል። የፈላ ውኃ ያለበት ሳሕንና የሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ብርድ ልብስ ሥር መሆን የለባቸውም። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን እላለሁ፤ አያቶችን ግን በዚህ ነገር ማሸነፍ ከባድ ነው። ምክንያቱም ከእነሱ ጀርባ ያለው ታሪክ ረዥም ነው። በ1918፣ በእኛ 1911 ዓ.ም.፣ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊዎች በከተማዋ ወደ 10,000 ሰው እንዳለቀ ይገምታሉ። ሐኪም በጣት የሚቆጠር፣ ሆስፒታሉም እንዲሁ። ለአብዛኛው ሰው ልጁን ይዞ የሚሮጥበት በር አልነበረውም፤ የነበረው ጭስ ነው። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ በየሠፈሩ ሲቃጠል የሚነሣው ጭስ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው ይባላል። ደሴ ልጅ ሆኜ እሳቱን እዘል ነበር፤ ማንም ስለ ልጆች ሞት ነግሮኝ አያውቅም።

አገር ቤት በ2020 የተደረገ አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ሳያነሣው የሚያልፍ ነው። ብዙ አገሮች የክትባት ዘመቻቸውን ሲያቆሙ፣ ኢትዮጵያ በዚያው ክረምት ማስክና እጅ ማጽጃ ይዛ 15 ሚሊዮን ለሚጠጉ ልጆች የኩፍኝ ክትባት ሰጥታለች። እዚህ አሜሪካ እናቶች ልጆቻቸውን ለክትባት ማምጣት ፈርተው የሚታዘዘው የክትባት መጠን ሲያሽቆለቁል እያየሁ፣ ያንን ዜና ለባልደረቦቼ አሳየኋቸው። ትንሽ ኮርቼ ነበር፤ አልክድም።

ከሜይ በኋላ የመጡት ጥቂት ልጆች ደግሞ ከዚህ በፊት ያላየናቸው ዓይነት ነበሩ። ትኩሳቱ አምስት ቀን የሞላው፣ ዓይኑ የቀላ፣ ሆዱን የሚያመው፣ ደም ግፊቱ የሚወርድ ልጅ። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ ሐኪሞች አስጠንቅቀው ነበር። ጣልያን፣ ቤርጋሞ ውስጥ ደግሞ ካዋሳኪን የሚመስል ሕመም ያለባቸው 10 ልጆች በሁለት ወር ውስጥ መጡ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በጠቅላላ 19 ብቻ ነበሩ። ካዋሳኪ የሚባለውን በሽታ በ1961 መጀመሪያ ያስተዋሉት ጃፓናዊው ሐኪም ቶሚሳኩ ካዋሳኪ በ95 ዓመታቸው ያረፉት በዚያው በ2020 ጁን ነው፤ ስማቸው በየዜናው በሚጠራበት ሰሞን። አዲሱ ሕመም የሚመጣው ኮሮና ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ስለነበር ትሪያጅ ላይ ጥያቄ ተጨመረ፤ «ከአንድ ወር በፊት ቤታችሁ ውስጥ የታመመ ነበር?» ብዙዎች ለመመለስ ያመነታሉ። አሠሪው እንዳያባርረው የደበቀ አባት አለ።

ሌላው ያልተጠበቀው ታዳጊዎቹ ናቸው። ሲዲሲ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር 2020 ባለው ጊዜ፣ ከድንገተኛ ክፍል ጉብኝቶች ውስጥ የአእምሮ ጤና ድርሻ ከ5 እስከ 11 ዓመት ባሉት በ24፣ ከ12 እስከ 17 ባሉት በ31 በመቶ ጨመረ ሲል ጋዜጦች ጩኸት አሰሙ። እኔ ይህን ቁጥር በጥርጣሬ ነው ያየሁት፤ ትኩሳትና ሳል ያለበት ልጅ ከመዝገቡ ሲወጣ የቀረው ሁሉ ድርሻው ይገዝፋልና። በ2021 መጀመሪያ ግን ጥርጣሬዬ አለቀ። ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ፣ ራሳቸውን ሊያጠፉ ሞክረዋል ተብለው የመጡ ሴት ልጆች ቁጥር በፌብሩዋሪና ማርች ከ2019ኙ ተመሳሳይ ሳምንታት 51 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይህ ድርሻ አይደለም፣ የልጆች ቁጥር ነው። የሚተኙበት የአእምሮ ሕክምና አልጋ ስላልነበረ እኛው ጋ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ጫማቸው ማሰሪያው ተፈትቶ፣ ሰው በራቸው ላይ ተቀምጦ ቀናት ያድሩ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የሕጻናት ሐኪሞች ማኅበራት ጉዳዩን ብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ ብለው አወጁ።

የተጎዱ ልጆችንም ነገር መዝለል አልችልም። መምህር ከሌለ የልጁን ክንድ የሚያይ የለም። በ2020 በጥቃት ምክንያት የሚመጡት ልጆች በጠቅላላ ቀንሰው ሳለ፣ ከመጡት ውስጥ አልጋ ይዘው የተኙት ከ2.1 ወደ 3.2 በመቶ አድገዋል። ቀለል ያለውን የሚያመጣው ሰው ቀረ፤ የከፋው ግን ከመምጣት አልቀረም።

ባዶነቱ ደግሞ ዋጋ ነበረው፤ ዋጋው የተከፈለው በኋላ ነው። በዚያ ጸደይ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ የሕጻናት ዋርድ ትልልቅ የኮቪድ ሕሙማን ተኙበት፤ ተገቢ ነበር፣ አዋቂ እየሞተ የልጅ አልጋ ባዶ አይቀመጥም። ግን የልጅ አልጋ ከወረርሽኙ በፊትም ሲመናመን የኖረ ነው፤ ከ2008 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ልጆች የሚተኙባቸው ዋርዶች በአሜሪካ በ19 በመቶ ቀንሰዋል፤ የአዋቂ አልጋ የበለጠ ገንዘብ ያስገባልና። በወረርሽኙ ሰበብ ከተዘጉት የልጅ ዋርዶች ተመልሰው ያልተከፈቱ አሉ። ቫይረሶቹ ግን ተመለሱ። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ የሕጻናትን ሳንባ የሚያጠቃው ቫይረስ አር ኤስ ቪ በ2020 ክረምት 98 በመቶ ጠፍቶ፣ ሰው ዘና ሲል በበጋ መባቻ ተነሣ። እኛ ጋ በ2021 የበጋ ሙቀት ላይ መጣ፤ ጁላይ ላይ ጡት የሚጠቡ ሕጻናት ሲያንቃቸው ስናይ የቀን መቁጠሪያው የተበላሸ መሰለን። በ2022 መኸር ደግሞ አር ኤስ ቪ፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ አንድ ላይ መጡ፤ ሁለት ዓመት ያህል ከወትሮው ቫይረሶች ጋር ብዙም ሳይተዋወቁ ያደጉ ልጆች በአንድ ጊዜ ታመሙ። ኖቬምበር ላይ የሕጻናት ሆስፒታሎችና ሐኪሞች ማኅበራት ፕሬዚዳንት ባይደን አስቸኳይ ጊዜ እንዲያውጁ በደብዳቤ ጠየቁ።

በዚያ ኖቬምበር አንድ አባት የስምንት ወር ልጁን ታቅፎ ከምሽት ጀምሮ ወንበር ላይ ቆየ። የልጁ ኦክስጅን ጥሩ ስለነበር ከሱ የባሱት ይቀድሙት ነበር። ወደ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ወደ ጠረጴዛዬ መጣ፤ አማርኛ ስናገር ሰምቶኛል።

«ሲስተር፣ አትቆጪኝና ትልቁን ልጄን በኮሮና ጊዜ አምጥቼው ነበር። ሰው አልነበረም፣ በአሥር ደቂቃ ነው የገባነው። ያ ሁሉ አልጋ፣ ያ ሁሉ ነርስ የት ሄደ?»

«አልጋው ለአዋቂ ተሰጥቷል ወንድሜ። ነርሶቹ ገሚሶቹ ጡረታ ወጡ፣ ገሚሶቹ የተሻለ ወደሚከፍል ቦታ ሄዱ።»

«ይመለሳሉ?»

«አንዳንዶቹ» አልኩት፤ የልጁን አተነፋፈስ እንደገና ቆጠርኩ፣ አምሳ ስምንት ነበር፣ ቅድም አርባ ስድስት ነበር፣ ተነሥቼ ይዤው ገባሁ።